ስንት ቦታ እናመልክት? ከ14 ወደ 5 የወረደው ዝርዝር

አምና ህዳር ላይ ነው። ዲላ ውስጥ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጠን የባች ጓደኛዬ ስልኳን አቀበለችኝ። ኤክሴል ላይ 14 የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ደርድራለች፤ ሁሉም ለማስተርስ። ከስማቸው አጠገብ የማመልከቻ ክፍያ በዶላር፣ የመዝጊያ ቀን፣ ከዚያ በቀይ የተቀባ አንድ ቃል አለ፦ "አልተጀመረም"። ቀዩ ይበዛ ነበር።

"አልበዛም?" አልኳት።

"ከ14ቱ አንዱ እንኳን አይቀበለኝም?"

መልስ አልነበረኝም። እኔ በዚያው ዓመት ያመለከትኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ደግሞ እርግጠኛ ነበርኩ። ለምን እርግጠኛ እንደሆንኩ ዛሬ ሳስበው ለራሴም ይገርመኛል።

ውጤቱን ላሳጥረው። እሷ ከ14ቱ ዘጠኙን ላከች። ሁለቱ የድጋፍ ደብዳቤ በጊዜ ስላልገባላቸው ሳይታዩ ቀሩ። አምስቱ "እናዝናለን" አሉ። ሁለቱ ተቀበሏት፤ ገንዘብ ግን ስላልሰጧት አልሄደችም። የማመልከቻው ክፍያ የወጣው ደግሞ ወናጎ አካባቢ ካለው የአባቷ ቡና ነው። እኔንም ያ አንድ ተስፋዬ በሦስት መስመር ኢሜይል አሰናበተኝ። ዓመቱም አብሮ ሄደ።

ሁለታችንም የኢኮኖሚክስ ምሩቃን ነን። "የመጨረሻዋ አንድ ጭማሪ ስንት ታስወጣለች፣ ስንትስ ታስገኛለች?" የሚለውን ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ ስንመልስ ኖረናል። የራሳችን ጉዳይ ሲመጣ ግን አንዳችንም አላሰብነውም። ዘንድሮ ቁጭ ብለን አሰብነው።

ወጪው ሁለት ዓይነት ነው

የመጀመሪያው አንዴ የሚከፈል ነው። ፓስፖርት አለ፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ያደገው ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አለ፤ እሱን ለማስላክ አብዛኛውን ጊዜ የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ዕዳን መጨረስ ያስፈልጋል። እነዚህ ወጪዎች አንድ ቦታም አመለከታችሁ አስር ቦታ ያው ናቸው። ይህን ሁሉ ከፍሎ አንድ ቦታ ብቻ ማመልከት የሠርግ ድንኳን ተክሎ አንድ ሰው እንደመጥራት ነው። የኔ ስህተት ይኼ ነበር።

ሁለተኛው በየማመልከቻው የሚጨምረው ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ማመልከቻ ከ50 እስከ 100 ዶላር ያስከፍላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያኔ 4,300 ብር አካባቢ የነበረችው የ75 ዶላር ክፍያ አሁን ምን እንደምታክል እናንተው አስሉት። ጂአርኢ የሚጠይቁ ካሉ ደግሞ ፈተናው በነፃ የሚልክላችሁ ለአራት ቦታ ብቻ ነው፤ ከአምስተኛው ጀምሮ በየአንዳንዱ ትከፍላላችሁ። ክፍያውም በካርድ ስለሆነ ውጭ ያለ የአክስት ልጅ ማስቸገር አለ። አንዴ ይታገሳል፣ ሁለቴ ይታገሳል፤ በሰባተኛው ስልኩን ላያነሳ ይችላል።

ኤክሴል ላይ የማይጻፍ ወጪም አለ፦ የመምህሩ ትዕግሥት። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ እያንዳንዳቸው ለመምህሩ የየራሳቸውን ሊንክ ይልካሉ። 14 ቦታ ስታመለክቱ አንድ መምህር 14 ኢሜይል ይደርሰዋል። እኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ አለ፤ "አልችልም" አይላችሁም። "እሺ" ይላችኋል፣ ከዚያ ዝም። የጓደኛዬ ሁለት ማመልከቻዎች የሞቱት በዚህ "እሺ" ነው። መምህሩን ግን አልቀየምነውም። ደሞዙ የማይበቃው፣ ፈተና የሚያርም ሰው ነው።

14 ሲሆን ለምን አልሠራም?

አሁን የጓደኛዬን ጥያቄ እንውሰድ። እያንዳንዱ ቦታ ከነገንዘቡ የመቀበል ዕድላችሁ 10 በመቶ ነው እንበል። ይኼ ለስሌት ያህል የወሰድኩት ቁጥር ነው። አምስት ቦታ ስትልኩ ቢያንስ አንዱ የመሳካቱ ዕድል 41 በመቶ ይሆናል። አስር ሲሆን 65፣ ሃያ ሲሆን 88። ያድጋል፣ ግን አካሄዱን ልብ በሉ። የመጀመሪያዋ ማመልከቻ 10 ነጥብ ትጨምርላችኋለች፤ አስረኛዋ 4 እንኳን አትሞላም፤ ሃያኛዋ ከአንድ ተኩል በታች ናት። ክፍያው ግን ለመጀመሪያዋም ለሃያኛዋም አንድ ነው።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1961 ዋጋ እያጠያየቀ ስለሚገዛ ሰው የጻፈው ይህንኑ ነበር። ተጨማሪ ሱቅ መጠየቅ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጥቅሙ ከድካሙ ጋር እኩል ሲሆን ማቆም ነው። ሄክተር ቼድ እና ሎንስ ስሚዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ጉዳዩን በቀጥታ ወደ ኮሌጅ ማመልከቻ አመጡት። ዘዴያቸው ቀላል ነው። መጀመሪያ "አንድ ብቻ ቢፈቀድልኝ የቱን እልክ ነበር?" በሉ። ከዚያ በዚያ ላይ ቢጨመር ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመውን አንድ ጨምሩ። እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ፤ የሚጨመረው ጥቅም ከወጪው ሲያንስ አቁሙ። ቁጥሩ አስቀድሞ አይወሰንም፤ በመጨረሻ ራሱ ይወጣል።

የ10 በመቶው ስሌት ግን አንድ ነገር ይደብቃል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የየራሱን ሳንቲም እንደሚወረውር አድርጎ ነው የሚያስበው። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። 14ቱም የሚያዩት ያንኑ ውጤት፣ ያንኑ ደብዳቤ፣ ያንኑ የፍላጎት መግለጫ ነው። መግለጫው ደካማ ከሆነ ለሁሉም ደካማ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ 14 እምቢታ ማለት አንድ እምቢታ 14 ጊዜ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ማለት ነው። ጓደኛዬ ስምንተኛውን መግለጫ የጻፈችው በመዝጊያው ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ነው። የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም ውስጡ እንደቀረ ያየችው ከላከች በኋላ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

"ተቀብለንሻል" እና "እንከፍልልሻለን"

ይኼን በደንብ ያዙት። የመግቢያ ደብዳቤና ስኮላርሺፕ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኢኮኖሚክስ አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ የሚመደበው ለፒኤችዲ ነው፤ ለማስተርስ ሙሉ ድጋፍ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ "ዕድሌ ስንት ነው?" ስትሉ የመግባትን ዕድል አትቁጠሩ። ከነገንዘቡ የመግባትን ዕድል ቁጠሩ። የጓደኛዬን ዝርዝር በዚህ ዓይን ስናየው ከ14ቱ አራቱ ለማስተርስ ምንም ድጋፍ የላቸውም፤ ዕድሉ ዜሮ ነበር ማለት ነው። ዜሮ ላይ ዶላር ከፍላለች።

በአንጻሩ የማመልከቻ ክፍያ የሌላቸው አሉ። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ እስከ ሦስት ኮርስ ያስመርጣል። የጀርመኑ ዳድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጠው ኢፖስ በተባለው ፕሮግራም እስከ ሦስት ያስመርጣል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ በአንድ ማመልከቻ ብዙ ምርጫ ያስገባል። ሰጪዎቹ ራሳቸው ቁጥሩን ገድበው ከጭንቀት ገላግለዋችኋል። ግን ቼቭኒንግም ኢፖስም ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ትናንት የተመረቀ ልጅ እነሱን ዝርዝሩ ላይ ባይደርድር ይሻለዋል፤ ሁለት ዓመት ሠርቶ ይምጣ።

ክፍያ ያለበትም ቦታ ቢሆን ከመክፈላችሁ በፊት ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ኢሜይል ጻፉና ክፍያው ይነሳልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አሠራር ያውቁታል። የትምህርት ቋንቋችሁ እንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ከፈተናው ይልቅ የሚቀበሉም አሉ። አፍሮ ዝም ማለት እዚህ ላይ በዶላር ያስከፍላል።

ማመልከቻና ቡና ለቀማ

ለኛ አካባቢ ልጅ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጊዜው። ኢፖስና ቼቭኒንግ ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት በመስከረምና በጥቅምት ውስጥ ነው፤ የአሜሪካኖቹ ታህሳስና ጥር ላይ ይበዛሉ። ጌዴኦ ውስጥ ደግሞ ይኼ የቡና ወቅት ነው። ከዲላ ዙሪያ እስከ ይርጋጨፌና ኮቸሬ ቤተሰብ በሙሉ ቀይ እሸት ሲለቅም ማንም ቁጭ ብሎ መግለጫ አይጽፍም። ገንዘቡም የሚመጣው ያኔ ነው።

ይኼ ግን ካወቁበት ይጠቅማል። ከነፃዎቹ ኢፖስና ቼቭኒንግ ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት የቡናው ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ነው። ክረምቱን በእነሱ ላይ ሥሩ። መግለጫችሁ ተስተካክሎ፣ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ሰው አይቶት ህዳር ሲደርስ፣ የሚከፈልባቸውን ሁለቱን ሦስቱን በዚያው ላይ መገንባት ነው። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ከመላክ በሁለት ዙር መላክ ይሻላል፤ በመጀመሪያው ዙር የታየው ስህተት በሁለተኛው ይታረማል።

እንሰት፣ ቡና፣ ዛፍ

መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የተመዘገበበት ዋና ምክንያት በየቀኑ የምናልፍበት ማሳ ነው። ከላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ ከቡናው ጋር እንሰት። የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት ቤት ውስጥ ቆጮ አለ። ገበሬው ማሳውን በሙሉ ቡና ብቻ አያደርገውም፤ እንሰት ብቻም አያደርገውም።

ዝርዝራችሁም እንደዚያ ቢሆን ጥሩ ነው። እንሰቱ አገር ውስጥ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የምንለው፣ ከመጣ ወዲህ አንድ ፈተና ተፈትናችሁ በዚያው ውጤት ወደምትመርጡት ዩኒቨርሲቲ ታመለክታላችሁ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከቤት ተመላልሶ መማር ይቻላል፤ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ብዙ ልጆች ይህን እንደ ውርደት ያዩታል። አይደለም። የውጩን ስትጠብቁ ዓመት ከማባከን፣ ሥራ እየሠሩ ማስተርስ መጀመር ለቀጣዩ ማመልከቻም ይጠቅማል። አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።

ቡናው ከውጤታችሁና ከልምዳችሁ ጋር የሚመጣጠን፣ ገንዘብ ያለው ስኮላርሺፕ ነው፤ ሦስት አካባቢ። ዛፉ ህልማችሁ ነው፤ አንድ ይበቃል፣ ግን ይኑር። ጠቅላላው አምስት ወይም ስድስት ይሆናል። ለፒኤችዲ የምታመለክቱና ክፍያ የተነሳላችሁ ከሆናችሁ ወደ ስምንት፣ ወደ አስር መሄድ ምክንያታዊ ነው፤ የአንዱ ዋጋ ሲቀንስ ብዛቱ ይጨምራል።

ሦስት ጥያቄ

ከጓደኛዬ ጋር የአምናውን ዝርዝር በሦስት ጥያቄ አጠብነው። አንደኛ፦ ይህች ብቻ ብትቀበለኝ እሄዳለሁ? አራት ወደቁ፤ ከተማውን እንኳን ካርታ ላይ አታውቀውም። ሁለተኛ፦ ገንዘቡ ከየትኛው ስኮላርሺፕ ነው፣ በስሙ? ድጋፍ የሌላቸው አራቱ ወደቁ። ሦስተኛ፦ ለዚህ ፕሮግራም ብቻ የሚሆን አንድ አንቀጽ መጻፍ እችላለሁ? አንድ ወደቀ። አምስት ቀሩ። አንዱን አውጥታ በቦታው ለአገር ውስጡ ማስተርስ ጋትን አስገባች። እሷ አሁን ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሞላላት አምና የማይሆኑ የነበሩ ዘንድሮ ይሆናሉ። መምህሩንም ሄዳ አነጋገረችው፤ አምስት መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ።

እኔም ከአንድ ወደ አምስት ወጥቻለሁ። መሐል ላይ ተገናኘን ማለት ነው። ይሳካልናል ማለት አይደለም፤ ውጤቱ ገና ነው። ቢያንስ ግን ዘንድሮ የምንከፍለው ለምን እንደሆነ እናውቃለን።

ባለፈው ቅዳሜ ወናጎ ቤታቸው ሄደን ነበር። አባቷ ቡናቸውን እየጠጡ "ዘንድሮስ ስንት ነው ልጄ?" አሏት።

"አምስት ነው አባዬ።"

"አምስት ሺህ?"

"አይ፣ አምስት ቦታ።"

ትንሽ አሰቡና "እሱስ ይሻላል" አሉ።