የመኪና ጩኸትና የሰው ጆሮ

በአንድ መንገድ የሚያልፉት መኪኖች በግማሽ ቢቀነሱ ጩኸቱም በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል። ነገር ግን ጆሮ እንደ ሚዛን አይደለም። ፍጥነታቸው ሳይለወጥ መኪኖቹ በግማሽ ቢቀነሱ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ይላል፤ ይህንንም ጆሮ የሚለየው በጭንቅ ነው። ጩኸቱ በግማሽ የቀነሰ መስሎ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ያህል መውረድ አለበት፤ ይኸውም ከ10 መኪኖች 9ኙ ሲቀሩ ነው።

ደግሞም ሰዓቱ ይለያል። በእኩለ ሌሊት ጸጥታ የሚጮህ አንድ ክላክስ እንቅልፍ ይነሣል፤ ቀን ግን ከሌላው ድምፅ ጋር ተዋሕዶ ያልፋል። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመንገድ ድምፅ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል።

እንግዲህ የአዲስ አበባን መንገዶች ለመመርመር የምንነሣ ተማሪዎች መኪኖችን ከመቍጠር ጋር የነዋሪውን እንቅልፍ መጠየቅ ይገባናል።