መዥገሯን የት ጣላችኋት?

ደነባና አካባቢዋ ላም ለማየት ስንጠራ፣ ባለቤቶቹን ብዙ ጊዜ ሥራ ጀምረው ነው የምናገኛቸው። ከጡቷና ከጭራዋ ሥር፣ ደም ጠጥታ ያበጠች አመድማ መዥገር እየነቀሉ ወደ ግቢው ይወረውራሉ። ነቀላው ባልከፋ፤ ውርወራው ነው ጉዱ።

«ዶክተር፣ ከወደቀች በኋላ ምን ታደርጋለች?» ይሉኛል። ትወልዳለች። ቡፊለስ ዲኮሎራተስ የምንላት ይቺ መዥገር ከጭድ ወይም ከድንጋይ ሥር ገብታ እስከ 2,000 የሚደርስና ከዚያም የሚበልጥ እንቁላል ጥላ ትሞታለች።

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ይህች መዥገር ደም የምትጠጣበትን ዕድሜዋን የምትጨርሰው በአንዲት ላም ላይ ነው፤ ሌላ ላም አትነክስም። ታዲያ ባቤዚያ የተባለውን የደም ጥገኛ ተውሳክ ከላም ወደ ላም ማን ያደርሰዋል? ልጆቿ። ተውሳኩ ከጠጣችው ደም ወደ እንቁላሏ ይዘልቃል፤ እጭዋ ደም ሳትቀምስ በሽታውን ይዛ ትፈለፈላለች። ሣር ላይ ወጥታም ወራት ሳትበላ ላም ትጠብቃለች። ይህን አሜሪካውያኑ ስሚዝና ኪልቦርን በ1893 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ፣ ነፍሳትና መሰሎቻቸው የእንስሳ በሽታ እንደሚያስተላልፉ ካረጋገጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ሆነ።

 

ባቤዚያ ወደያዛት ላም ልመለስ። ትኩሳቷ ይወጣል፣ ማመንዠክ ታቆማለች፣ ድዷ ይገረጣል፣ ሽንቷ ቡና ይመስላል። ቀይ ሽንት ሁሉ ግን ባቤዚያ አይደለም፤ ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ደም ወስደን በጊምሳ ቀልመን ማይክሮስኮፕ ሥር ስናይ፣ በቀይ የደም ሴሏ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት እንባ መሳይ ነገሮች ከታዩ ያኔ አንጠራጠርም። ዲሚናዚን በጊዜ ከተወጋች ትድናለች። የአገራችን ላም ከዲቃላዋ ይልቅ ትቋቋመዋለች፤ ጥጃም ከትልቅ ላም ይልቅ ይችላል። ዲቃላ የወተት ላም በበዛበት አካባቢ ግን ነገሩ ይከብዳል።

የነቀላችሁትን ነጭ ጋዝ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣሉት፤ በጣታችሁ አትጨፍልቁት። የመዥገር መርጫ መድኃኒቱን በብልቃጥ ክዳን ገምታችሁ አታቅጥኑት፤ መዥገሯ እየለመደችው ትመጣለች። ርጭቱም ላይ ሦስት ሳምንት አታሳልፉ፤ ከእጭነት እስከምትወድቅበት ቀን ላም ላይ የምትቆየው ያን ያህል ነውና። ከጀማ ወንዝ ቆላ ወይም ከገበያ የገዛችሁትን ደግሞ ከመንጋው ከመቀላቀላችሁ በፊት ለይታችሁ አሰንብቱና አስረጩልን።