በእጅ የማይነካው እሳት እንዴት ይለካል?

ባለፈው ክረምት ከአዋሽ ወደ ሰመራ ወርጄ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። የሰመራ ሙቀት ቀን ቀን ከቤት ስለማያስወጣ፥ አሮጌውን ባለ ሣጥን ቴሌቪዥናቸውን ስነካካ እውል ነበር። አንድ ቀን ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት ወደ መስተዋቱ ባስጠጋው ሥዕሉ ተጣመመ። ማግኔቱን ባነሣውም ቀለሙ እንደ ተበላሸ ቀረ። አጎቴ ተቆጡ፤ እኔ ግን ምክንያቱን ሳልመረምር ማለፍ አልቻልሁም።

በዚያ ዓይነት ቴሌቪዥን ሥዕሉን የሚሥሉት ከኋላ የሚተኮሱ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት በማግኔት አጠገብ ሲሮጥ መንገዱ ይታጠፋል፤ ማግኔቱ በበረታ መጠን መታጠፉም ይበልጣል። እንግዲህ ነገሩን ብንገለብጠው፥ መታጠፉን ለክተን የማግኔቱን ብርታት ማወቅ እንችላለን ማለት ነው።

ይህ ምን ይጠቅማል? የምድራችንን ማግኔታዊ ኃይል ለመለካት መሣሪያ ተክሎ ማንበብ ይበቃል፤ በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የሠራው ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን ሊቃውንት የፀሐይን ዓይነት ኃይል በምድር ላይ ለማግኘት ሲሉ ጋዝን በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ያሞቃሉ። ያን ጊዜ አተሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ይጥሉና ጋዙ ፕላዝማ ይሆናል። በውስጡ የሚገባ መሣሪያ ይተናል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ማግኔታዊ ኃይል ሙቀቱ የሚፈስበትን መንገድ ስለሚመራ፥ ሳይለካ አይታለፍም።

ስለዚህ ፕሮቶኖችን ይልኩበታል። በአሜሪካ፥ በሮቸስተር ከተማ፥ ኦሜጋ በተባለው የሌዘር ማዕከል፥ ዲዩተሪየምና ሂሊየም 3 የተሞላችውን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች የመስተዋት ኳስ በሌዘር ይመቷታል። ጋዞቹ ሲዋሐዱ በሰከንድ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጡ ፕሮቶኖች ይወጣሉ። በመንገዳቸው ላይ ወንፊት የመሰለ ሽቦ ይደረግላቸዋል። ፕሮቶኖቹ ፕላዝማውን አልፈው፥ ለመነጽር በሚያገለግል ሲአር 39 በተባለ ፕላስቲክ ላይ ምልክታቸውን ይተዋሉ። የወንፊቱ ጥላ ሳይዛባ ከታየ በመንገዳቸው ያጠፋቸው ኃይል የለም፤ ከተጣመመ ግን ጥመቱን ለክተው የማግኔቱን ብርታት ያሰላሉ። የኤሌክትሪክ ኃይልም ሊያጣምማቸው ስለሚችል፥ ከተቃራኒው ወገን ደግመው በመተኮስ ሁለቱን ይለያሉ።

እነሆ፥ አጎቴን ያስቆጣው ጥመት ለሊቃውንት መለኪያ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ እነርሱ ሲያጣምሙ ይለካሉ፤ እኔ አጣምሜ ደነገጥሁ። አጎቴም ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ የቴሌቪዥናቸውን ቀለም ይምሩኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።