የፍሬ በሽታን የሚቋቋመው ድቅል ቡና «አባ ቡና» እና የዘሩ አያያዝ

የቡና ፍሬ በሽታ (ሲቢዲ) በአገራችን መኖሩ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ነው። አምጪው ሻጋታ ለጋውን አረንጓዴ ፍሬ ያጠቃል፤ ጥቁር፣ ጎድጎድ ያለ ነጠብጣብ ይወጣና ፍሬው ጠቁሮ ይጨማደዳል። ብርድና ዝናብ የሚበዛባቸው ደጋማ ቦታዎች ይበልጥ ይጎዳሉ።

መድኃኒት መርጨት ለአነስተኛ ገበሬ ውድ በመሆኑ፣ በጅማ መልኮ በሽታው በበረታባቸው ማሳዎች ውስጥ ጤነኛ ሆነው የተገኙ እናት ዛፎች ተመረጡ። 741፣ 74110፣ 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው፤ «74» የተመረጡበትን የ1974 ዓመት (እ.ኤ.አ.) ያመለክታል። «አባ ቡና» ደግሞ አንዱ ወላጁ 741 የሆነ ድቅል ሲሆን በ1990 ዓ.ም. ተለቀቀ። መቋቋምን ከከፍተኛ ምርት ጋር ስላጣመረ ገበሬው ቢወደው አያስገርምም።

ችግሩ ከዘሩ ላይ ነው። የድቅል ዘር የሚገኘው አበባው ሳይፈነዳ ወንዴው በእጅ ተነቅሎ፣ ከሌላው ወላጅ ብናኝ ሲደረግለት ብቻ ነው። አንድ ገበሬ ከአባ ቡና ዛፉ ቀይ ፍሬ ለቅሞ ቢያፈላ፣ ችግኙ መደብ ላይ ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን ልጆቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም። አንዱ በሽታውን ይቋቋማል፣ ሌላው ይጠቃል፣ ምርቱም ይዘበራረቃል። ቡና ፍሬ እስኪይዝ ሦስት አራት ዓመት ስለሚፈጅ ስሕተቱ የሚታወቀው መሬቱና ጉልበቱ ከባከነ በኋላ ነው። ይህን ለገበሬው ማስረዳት የልማት ሠራተኛው ቀዳሚ ተግባር ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ማኅበራት የድቅሉን ዘር በየጊዜው ከታወቀ የዘር ማባዣ እንዲወስዱ ይገባል። ዘሩ በበቂ ካልተገኘ ድቅል ያልሆኑትን፣ ለቦታው የሚስማሙትን እንደ 74110 ያሉ ዝርያዎች መትከል ይሻላል። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ከሌላ ዝርያ ተለይቶ ከተያዘ ማሳ የተለቀመ ዘራቸው ጠባዩን ብዙም አይለውጥም።

አንድ ነገር እንጨምር። መቋቋም ማለት ፈጽሞ አለመታመም አይደለም፤ ሲቢዲን የሚቋቋም ዝርያም በቡና አድርቅ በሽታ ሊሞት ይችላል። በጎማ፣ በማና ወይም በጌራ ነባሩን ቡና በሙሉ ነቅሎ በአንድ ዝርያ መተካትን አንመክርም፤ ነባሮቹ ለወደፊቱ ምርጫም መነሻ ናቸውና። በችግኝ ጣቢያ በየመደቡ የዝርያው ስምና ዘሩ የመጣበት ቦታ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ችግኝ ሲታደልም ገበሬው የወሰደው ዝርያ በማኅበሩ መዝገብ ይስፈርለት።