ሻጋታ፤ የተናቀው የመድኃኒት ምንጭ

በከረመ እንጀራና ዳቦ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ የማያውቅ ቤት የለም። ባየነው ጊዜ ከነምግቡ እንጥለዋለን፤ መጣላችንም ትክክል ነው። ሆኖም ከዚሁ ከተናቀ ፍጥረት ወገን የተገኙ መድኃኒቶች የስንቱን ቁስለኛና የስንቷን ወላድ ሕይወት እንዳተረፉ በመጠኑ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ሻጋታ፣ እርሾና እንጉዳይ ፈንገስ የሚባለው የአንድ ትልቅ ወገን አባሎች ናቸው። እንደ ዕፀዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ማዘጋጀት ስለማይችሉ በአፈር፣ በእህልና በበሰበሰ ነገር ላይ ይኖራሉ። በዚያም ከባክቴሪያዎች ጋር ስለ ምግብ ይሻማሉ። በዚህ ሽሚያ አንዳንዶቹ ተቀናቃኛቸውን የሚገድል ወይም እድገቱን የሚገታ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ብዙ ጊዜ የሰው ልጅ ለመድኃኒትነት የወሰደው ይህንኑ የጦር መሣሪያቸውን ነው።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1928 ለንደን በሚገኘው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ከዕረፍቱ ሲመለስ፣ መግል አምጪ ባክቴሪያ ካራባባቸው ሳህኖች በአንደኛው ላይ ሻጋታ በቅሎ አገኘ። በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ጠፍተው ነበር። ንጥረ ነገሩን ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው፤ ነገር ግን አጥርቶ ማውጣት አልተቻለውም።

ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኤርንስት ቼይንና ኖርማን ሂትሊ ሥራውን አነሡት። በሜይ 1940 ስምንት አይጦችን በሽታ አስያዙና ለአራቱ ብቻ ፔኒሲሊን ሰጡ። በማግስቱ መድኃኒቱን ያላገኙት አራቱ ሞተው፣ ያገኙት አራቱ በሕይወት ተገኙ። በፌብሩዋሪ 1941 ፊቱ በመግል የተበላ አንድ ፖሊስ መድኃኒቱን ሲወስድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳቱ በረደ፣ መብላትም ጀመረ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ እየተጣራ ተመልሶ ቢሰጠውም ስላልበቃ በማርች ወር ሞተ። ለሞት ያበቃው የመድኃኒቱ ድክመት ሳይሆን የመጠኑ ማነስ ነበር።

ስለዚህ ጥረቱ ሁሉ መጠኑን ወደ ማብዛት ዞረ። በአሜሪካ በፒዮሪያ ከተማ፣ ከበሰበሰ ሜሎን ላይ የተገኘ ሻጋታ ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ፔኒሲሊን አመረተ። እ.ኤ.አ. በጁን 1944 የኅብረቱ ጦር ኖርማንዲ ላይ ሲያርፍ መድኃኒቱ ለቁስለኛው ሁሉ የሚዳረስ ሆኖ ነበር። ቀድሞ ቁስሉ መርቅዞ ይሞት የነበረው ወታደር ድኖ ለመመለስ በቃ።

የፈንገስ ነገር ግን ሁለት ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በወሎ፣ ኤርጎት የሚባለው ፈንገስ ያደረበት ሲናር ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ በመበላቱ የብዙ ገበሬዎች እግርና እጅ ደርቆ ጠቁሯል፤ የሞቱም ነበሩ። መርዙ የደም ሥርን አጥብቦ ደም ወደ አካል ጫፍ እንዳይደርስ ያግዳል። እንዲህ ያለ ጉዳት በ2001 በአርሲም ታይቷል። ከዚሁ ከኤርጎት ግን በ1935 ኤርጎሜትሪን የተባለ መድኃኒት ተለይቶ ወጥቷል። ይህም በሐኪም እጅ በልክ ሲሰጥ ማኅፀንን አኮማትሮ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ያቆማል። በአንድ በኩል እግር የሚያሳጣው ፈንገስ በሌላ በኩል እናትን ከሞት ያድናል ማለት ነው።

ከኖርዌይ አፈር በተገኘ ፈንገስ የተሠራው ሳይክሎስፖሪን ደግሞ ሰውነት የተተከለለትን የሌላ ሰው ኩላሊት እንዳይገፋ ይረዳል። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶም በ1973 በሺህ የሚቆጠሩ ፈንገሶችን መርምሮ የደም ስብን የሚቀንስ ንጥረ ነገር አግኝቷል።

ከዚህ የምንማረው ሻጋታን በቁስል ላይ መለጠፍን አይደለም፤ ይህ አደገኛ ነው። የሻገተ እህልም ለሰው ለከብትም አይስጥ፤ ገብሱ ከመፈጨቱ በፊት ይለቀም፣ ሲናሩም ይለይ። ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል እንዳስጠነቀቀው፣ ፔኒሲሊን ከልክ በታች ከተወሰደ ባክቴሪያው ይለምደዋል። ዛሬ ይህ ስጋት እውን ሆኗል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንውሰድ፤ ተሻለኝ ብለንም በመካከል አናቋርጥ። ያ ፖሊስ መድኃኒቱ አልቆበት ሞተ፤ እኛ ግን በእጃችን ያለውን በራሳችን ቸልተኝነት ዋጋ ልናሳጣው አይገባም።