ቤታችሁ ጎማ ቢኖረውስ? መኪና ውስጥ እየኖሩ አትክልት ማብቀል

አሜሪካ ውስጥ መዞር ወደው፣ ወይም የቤት ኪራይ አልቀመስ ብሏቸው፣ ዓመቱን ሙሉ አርቪ በሚባለው መኪና ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። አርቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤትና የውሃ ታንከር ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በኦስካር የምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደውን «ኖማድላንድ» ያያችሁ ኑሮውን ታውቁታላችሁ።

እነዚህ ሰዎች መሬት የላቸውም። ሆኖም ሰላጣቸውንና ቅመማቸውን በባልዲ የሚያበቅሉ አሉ። እንዴት እንደሚያደርጉት እንይ፤ በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ተከራይም ይሠራልና።

ዋናው ችግር ምንድን ነው?

አትክልት ጊዜ ይፈልጋል፣ አርቪ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆይም። ለምሳሌ በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ባሉ የሕዝብ መሬቶች ላይ በነፃ ማደር የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ በ28 ቀን ውስጥ ለ14 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ መነሳት ግድ ነው። ቲማቲም ግን ችግኙ ከተተከለ በኋላ እንኳ ለፍሬ 2 ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አትክልቱ አብሮ መጓዝ አለበት።

1. መጀመሪያ ክብደቱን አስቡ

1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። አምስት ባልዲ ማለት እንግዲህ አንድ ኩንታል ተሸክሞ መንዳት ነው። መኪናው ደግሞ የጭነት ልክ አለው። ለዚህ ነው ከጓሮ አፈር ይልቅ በኮኮናት ቃጫና በኮምፖስት የተዘጋጀ ቀለል ያለ አፈር የሚመረጠው። የጓሮ አፈር ብቻውን ባልዲ ውስጥ ሲሆን ይጠጥራል፣ ሥሩም አየር ያጣል።

2. ቶሎ የሚደርሰውን ምረጡ

ራዲሽ (ትንሿ ቀይ ፍጅል) በ25–30 ቀን ትደርሳለች። ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ ከውጭ በኩል ያለውን ቅጠል እየቆረጣችሁ ስትበሉ ከመሃል ማደጉን ይቀጥላል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ለሰላጣ ይበቃዋል። በሶብላ፣ ናናና ጦስኝም ቦታ አይፈጁም።

ጤና አዳምም አለ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለቡናቸው ብለው በረንዳ ላይ ያሳድጉታል። ፀሐይ ይወዳል፣ ብዙ ውሃ አይፈልግም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል ይችላል። ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ።

3. ሲነዳ ውስጥ፣ ሲቆም ውጪ

በፍጥነት መንገድ ላይ ነፋሱ ቅጠል ያራግፋል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ባልዲዎቹ ወደ ውስጥ ይገቡና እንዳይገለበጡ ይታሰራሉ። ማታ እንደደረሱ ግን ይወጣሉ። በሞቃት ቀን መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ አትክልቱን ይቀቅለዋል።

4. ውሃ በቁጥር ነው

ታንከሩ ለመጠጥም ለመታጠቢያም ነው። ስለዚህ አፈሩን በጣት እየነኩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት ይሻላል። ጎመንና ፍራፍሬ ያጠባችሁበት ውሃ ለባልዲው ይሆናል። ሳሙናና በረኪና ያለበትን ግን ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ላይ አታፍሱ። የባልዲው ሥር መበሳት አለበት፣ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል።

5. ኬላ አለ!

ይሄ ብዙዎች የማያስቡት ነው። ካሊፎርኒያ በመግቢያ መንገዶቿ ላይ 16 የግብርና ፍተሻ ኬላዎች አሏት። የብርቱካንና የሎሚ ችግኝ ከሌላ ግዛት እንደፈለጉ ይዞ መግባት አይቻልም። ምክንያቱም ትንሽ ነፍሳት የምታስተላልፈው፣ መድኃኒት ያልተገኘለት የብርቱካን በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፍሎሪዳ ውስጥ ከታየ ወዲህ የግዛቲቱን የብርቱካን እርሻ ክፉኛ ጎድቶታል። አንድ ባልዲ የገበሬዎችን እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው።

እኛስ?

«ቤቱን ልቀቁ» ሲባል መሬት ላይ የተተከለው ለአከራይ ይቀራል፣ ጄሪካን ላይ ያለው ግን ከፍራሹ ጋር ይጫናል። ባዶ የምግብ ዘይት ጄሪካን ጎኑን ቁረጡ፣ ሥሩን ብሱት፣ ኮምፖስት የተቀላቀለበት አፈር ሙሉበት። ቀለም፣ የሞተር ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ግን በፍጹም አትጠቀሙ። በቀን 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ወይም በረንዳ ካላችሁ በሰላጣ ወይም በቆስጣ ጀምሩ። ለቲማቲምና ለቃሪያ ግን ከ6 ሰዓት በላይ ፀሐይ ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጄሪካን ይበቃል። ሁለት ሰው ሆናችሁ ደረጃ ልታወርዱት የማትችሉትን ግን አትትከሉ።

በዚህ ወር ቤት ለሚቀይር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።