ኤኤንኤስ፦ በመስታወት ላይ የሚጫር ሙዚቃ

የሶቪየቱ የፊልም ዳይሬክተር አንድሬይ ታርኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 ለወጣው «ሶላሪስ» ፊልሙ የሙዚቃ ደራሲውን ኤድዋርድ አርቴሚየቭን ሲመርጥ፣ ልብ የሚያባባ ዜማ እንዲደርስለት አልነበረም። የተፈጥሮንና የአካባቢን ድምፅ በሙዚቃ ደራሲ ጆሮ የሚያደራጅለት ሰው ነበር የፈለገው። አርቴሚየቭ ደግሞ ይህን ጥበብ ለዐሥር ዓመት ያህል ሲማር ቆይቷል፤ መምህሩም ኤኤንኤስ የተባለ ሲንተሳይዘር ነበር።

ማሽኑን የፈለሰፈው የጦር ሠራዊት መሐንዲሱ ዬቭጌኒ ሙርዚን ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1938 ሲሆን የመጀመሪያው ማሽን ተሠርቶ ያለቀው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። የማሽኑ ስም የሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ የአሌክሳንደር ኒኮላየቪች ስክሪያቢን የስም መነሻ ፊደላት ነው። ስክሪያቢን «ፕሮሜቴዎስ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ ለብርሃን ራሱን የቻለ ኖታ የጻፈ ሰው ነበርና ስያሜው ለማሽኑ ይገባዋል፤ ኤኤንኤስ ድምፅ የሚያወጣው በብርሃን ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በማሽኑ ውስጥ አምስት የመስታወት ዲስኮች ይሽከረከራሉ። በእያንዳንዱ ላይ 144 ክብ መስመሮች ታትመዋል፤ መብራት ሲያልፍባቸው ብርሃኑ በየመስመሩ ልክ በተለያየ ፍጥነት ይርገበገባል። በድምሩ 720 ድምፆች፣ ማለትም ዐሥር ኦክታቭ ይገኛል። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ ለ12 ሲከፍል ኤኤንኤስ ለ72 ይከፍለዋል።

ኪቦርድ የሚባል ነገር የለውም። ደራሲው የሚሠራው ጥቁር፣ የማይደርቅ ቅባት በተቀባ ሰፊ መስታወት ላይ ነው። ጥላሸት የጠጣ የፋኖስ ብርጭቆን በጥፍር እንደ መጫር፣ ቅባቱን በስለት ሲፍቀው ብርሃን ማለፊያ ያገኛል፤ ያለፈውን ብርሃን ፎቶሴል ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ጭረቱ ከፍ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፣ ዝቅ ሲል ይወፍራል፤ ሲረዝም ድምፁም ይረዝማል። ዘንበል ያለ መስመር ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያንሸራትታል። ደራሲው መስታወቱን በማሽኑ ውስጥ አሳልፎ ድምፁን ወዲያው ይሰማል፤ ካልጣመው ቅባቱን መልሶ ያለብስና እንደገና ይጭራል። በደራሲውና በድምፁ መካከል ተጫዋች የለም።

በ1937 ኖቮሲቢርስክ የተወለደው አርቴሚየቭ ከሙርዚን ጋር የተገናኘው ከሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ በተመረቀበት በ1960 ነው። በኋላ ሞስኮ ውስጥ ስክሪያቢን ይኖርበት በነበረው ቤት በሚገኘው ሙዚየም ለማሽኑ ስቱዲዮ ተከፈተለት፤ የሙዚቃ ደራሲዎቹ አልፍሬድ ሽኒትኬና ሶፊያ ጉባይዱሊናም ሠርተውበታል። አርቴሚየቭ በ1967 «ሞዛይክ»ን፣ በ1970 ደግሞ «ዐሥራ ሁለት ዕይታዎች ወደ ድምፅ ዓለም» የተባለውን፣ ከአንድ የድምፅ ቀለም ብቻ የተቀዳ ሥራ አቀረበ።

እነዚህ ሥራዎች በቂ ክብር አላገኙም ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው የፊልም ማጀቢያ መለማመጃ አድርጎ ያልፋቸዋል። እኔ ግን የአርቴሚየቭ ጆሮ የተሠራው እዚያ ነው እላለሁ። ኖታ የለመደ ደራሲ ዜማ ያስባል፤ መስታወት የጫረ ደራሲ ግን የእያንዳንዱን ድምፅ አነሳስ፣ ውፍረትና አከሳሰም በእጁ ያውቀዋል። «ሶላሪስ» ላይ የባኽ የኦርጋን ሙዚቃ ምድርን ሲወክል፣ የፊልሙ ታሪክ ለሚያጠነጥንበት ባዕድ ፕላኔት የተሠራው ድምፅ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ንፋስ ይሁን ሕብረ ዝማሬ መለየት ያስቸግራል። ይህን ያህል ሕይወት ያለው ድምፅ ከኪቦርድ ቁልፍ ብቻ አይገኝም።

ሙርዚን በ1970፣ አርቴሚየቭም በ2022 አርፈዋል። ኤኤንኤስ ዛሬ ሞስኮ በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። ይህን ሙዚቃ መተዋወቅ የሚፈልግ አንባቢ በ«ሞዛይክ» ይጀምር፤ ምስል ሳይኖር ድምፁን ብቻ ከተከታተለ በኋላ «ሶላሪስ»ን ሲያይ፣ ፊልሙ ግማሽ ታሪኩን በጆሮ እንደሚነግር ይረዳል።